ማስተርስ ልጀምር ወይስ ልቆይ? ከመመዝገብ በፊት የሚታይ ሒሳብ

የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚከታተል ሰው ሁሉ አንድ ቀመር ያውቃል፦ «የመጀመሪያ ዲግሪ እና 6 ዓመት፣ ወይም ሁለተኛ ዲግሪ እና 4 ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ»። ቁጥሩ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል። አንዱ 8 እና 6 ይላል፣ ሌላው 4 እና 2። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ሁለት ዓመት ነው። ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ልቆይ እያለ ለሚጨነቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ቀጣሪው ራሱ ዲግሪውን በስንት ዓመት ልምድ እንደሚተምነው በግልጽ ጽፎ እየነገረን ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ማስተርሱ የሚተካው የሁለት ዓመት ልምድ ከሆነና ለመጨረስም ሁለት ዓመት ከፈጀ፣ ሥራውን ለቆ በመደበኛ ፕሮግራም የተማረ ሰው በተመረቀበት ቀን በማስታወቂያው ዓይን ሥራው ላይ ከቆየው ባልደረባው ጋር እኩል ነው። ባልደረባው ግን የ24 ወር ደመወዝ አግኝቷል፣ ምናልባትም ደረጃ አድጓል። በማታ ወይም በቅዳሜና እሁድ የተማረው ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ «ማስተርስ ይጠቅማል ወይ?» ብቻውን መልስ የለውም። መልስ የሚኖረው «ለየትኛው ሥራ፣ በየትኛው ፕሮግራም?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ምሽት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ መያዝ የምትፈልጉትን የሥራ መደብ ስም ጻፉ። አሁን ማመልከት የምትችሉበትን ሳይሆን ያኛውን። ከዚያ በጋዜጣና በኢንተርኔት የወጡ 20 ያህል ማስታወቂያዎችን ለዚያ መደብ ሰብስቡ። እያንዳንዱን ከሦስት በአንዱ መድቡ፤ ማስተርስ ግዴታ የሆነበት፣ ሁለቱም የሚያስኬዱበት፣ ዲግሪውን ትቶ የሙያ ሰርተፍኬት ወይም ፈቃድ የሚጠይቅ። ከግማሽ በላዩ ግዴታ ካለ ነገሩ አልቋል፣ ተመዝገቡ። አብዛኛው «ወይም» ካለ የሚወስነው የገንዘቡና የጊዜው ስሌት ነው። ሦስተኛው ከበዛ ደግሞ ገንዘባችሁ መሄድ ያለበት ወደ ዩኒቨርሲቲ ላይሆን ይችላል።

ማስታወቂያዎቹን ስታነቡ ሁለት ሐረጎችን አትዝለሉ። አንደኛው «ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ» የሚለው ነው። አንዳንድ ቀጣሪዎች ልምድ የሚቆጥሩት ማስተርሱ ከተያዘ ወዲህ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ሰባት ዓመት በመጀመሪያ ዲግሪ የሠራ ሰው በማስተርሱ በኩል ሲያመለክት ከዜሮ ይጀምራል። እንዲህ ላለው ሰው በመጀመሪያ ዲግሪው በኩል ማመልከት ይሻለዋል። ሁለተኛው «ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚለው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው በጂኦግራፊ፣ ማስተርሱ በቢዝነስ አስተዳደር የሆነ ሰው በምልመላ ወረቀት ላይ ሁለቱ አልገናኝ ብለው ስሙ ሊሰረዝ ይችላል፤ መልማዩ ፊት ያለው ዝርዝር የሚለው «በሁለቱም ዲግሪ አግባብ ያለው» ከሆነ ማንም አያስረዳለትም። መስክ መቀየር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በአዲሱ መስክ ውስጥ ዝቅ ያለ ሥራ ይዞ ልምዱን ቢያስቆጥር፣ ማስተርሱ በኋላ ሲመጣ የሚደገፍበት ነገር ያገኛል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በተለምዶ ጄኢጂ የሚባለው የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ከመጣ ወዲህ ደመወዝ የሚከተለው የሥራ መደቡን እንጂ ሠራተኛው የያዘውን ወረቀት አይደለም። ማስተርስ ይዞ በዚያው መደብ የተቀመጠ ሰው ደመወዙ ባለበት ይቀጥላል። ጭማሪ የሚመጣው ከፍ ያለ ክፍት መደብ ሲገኝና ተወዳድሮ ሲያዝ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የሰው ሀብት ክፍል ሄዳችሁ ከእናንተ በላይ ያለው መደብ ምን እንደሚጠይቅ፣ አሁን ማን እንደያዘው፣ ስንት እንዲህ ዓይነት መደብ በመዋቅሩ እንዳለ ጠይቁ። አንድ ብቻ ከሆነና የያዘው ሰው ገና ወጣት ከሆነ፣ እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማስተርሱ ብዙ ዓመት ሳያገለግል ሊቀመጥ ይችላል።

ያለ ድኅረ ምረቃ ጨርሶ የማይገባባቸው ሥራዎች አሉ። የዩኒቨርሲቲ ማስተማር አንዱ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የተቀጠረ ግራጁዌት አሲስታንት ሆኖ ይጀምራል፣ ሌክቸረር ለመባል ማስተርስ፣ አሲስታንት ፕሮፌሰር ለመባል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዶክትሬት ይጠየቃል። የምርምር ተቋማትም ከዚህ ብዙ አይርቁም። እዚያ የሚያልም ሰው ሊያመዛዝን የሚገባው የቱን ዩኒቨርሲቲና የቱን አማካሪ እንደሚመርጥ ነው እንጂ መማሩ አያከራክርም።

ሐኪሞች ጋ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ፊቱ ሁለት መንገድ ይታየዋል፤ በጤና ሚኒስቴር ፈተናና ምደባ የሚገባበት የስፔሻሊቲ ትምህርት፣ ወይም የሕዝብ ጤና ማስተርስ። የመጀመሪያው እንደ ዘርፉ ሦስት፣ አራት ዓመት የሌሊት ተረኛነት ነው። ሁለተኛው ቀለል ይላል፣ ቅዳሜና እሁድም ይማሩታል። ብዙ ሐኪሞች ሁለተኛውን የመረጡት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ዘንድ ያለውን ደመወዝ አይተው ነበር። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት የዩኤስኤአይዲ ሥራ ሲቆም ያ ገበያ እንዴት እንደጠበበ አይተናል። የሕዝብ ጤናን የሚወድ ሰው ይማረው፣ አገሪቱ በጣም ትፈልገዋለች። ስፔሻሊቲውን የሚመኝ ሰው ግን «እስከዚያው» ብሎ ቢገባበት ከሕመምተኛ አልጋ ዳር ይርቃል፤ ሦስት ዓመት ቢሮ ተቀምጦ ለስፔሻሊቲ ፈተና መመለስ ከባድ ነው።

ሕግ የተማሩ ወጣቶች ጠበቃ ለመሆን ማስተርስ የሚያስፈልግ ይመስላቸዋል። አያስፈልግም። በፌዴራል ደረጃ ጥብቅናን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ የሚጠየቀው የሕግ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድና የፈቃድ ፈተና ነው። ማስተርሱ በታክስ፣ በኮንስትራክሽን ወይም በኢንቨስትመንት ሕግ ላይ ጠለቅ ብሎ መሥራት ለሚፈልግ በኋላ ይመጣል። ሶፍትዌር ሠሪዎችን በተመለከተ አጭር ነገር ብቻ ልበል፤ ቀጣሪያችሁ ኮዳችሁን ነው የሚያየው።

ብዙ ገንዘብ በተሳሳተ ቦታ ሲወጣ የማየው በአካውንቲንግና ፋይናንስ ነው። ባንክ ወይም ኦዲት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ወጣት ባልደረቦቹ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ስለጀመሩ ይጀምራል። ነገር ግን የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች በዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃዎች እንዲሠሩ ካዘዘ ወዲህ፣ ኦዲት ድርጅቶችና ትልልቅ ኩባንያዎች የሙያ ማኅበር አባል የሆነ ባለሙያ አጥብቀው ይፈልጋሉ። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ኤሲሲኤ የተባለው የብሪታንያ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ፈተናዎቹ 13 ናቸው፤ ሦስቱ የመነሻ፣ ስድስቱ የመካከለኛ፣ አራቱ የመጨረሻ ደረጃ። ማለፊያው ለሁሉም 50 ከመቶ ነው። ፈተና በመጋቢት፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በታኅሣሥ አካባቢ ይሰጣል። ከፈተናው ሌላ የሥነ ምግባር ሞጁልና የ36 ወር በኃላፊ የተረጋገጠ የሥራ ልምድ ይጠየቃል። የአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ፈተናዎች የተወሰኑት ሊነሱለት ይችላሉ፤ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ በየትኛው ዓመት ስንት እንደሚነሳ በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገብቶ ማየት ይቻላል። ለሚነሳው ፈተናም ክፍያ እንዳለ ግን አትርሱ።

ኤሲሲኤ ጀምረው የሚያቆሙ ሰዎች የሚያቆሙበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የትምህርቱ ክብደት አይደለም። ክፍያው በፓውንድ ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የውጭ ምንዛሬ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቀድመው ሒሳባቸውን በብር ሠርተው የነበሩ ተማሪዎች መሃል መንገድ ላይ ቀሩ። ስለዚህ ስሌቱን በፓውንድ ሥሩ፣ የመጀመሪያውን ዓመት አባልነትና ሁለት ፈተና የሚሸፍን ገንዘብ ሳይያዝ አትጀምሩ፣ ክፍያውን በምን ካርድ እንደምትፈጽሙም ባንካችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ደረጃ ፈተናዎች ከመጀመሪያው ማለፍ ጀምሮ በሰባት ዓመት ውስጥ ካላለቁ የቀደመው ውጤት ይቃጠላል። ማኅበሩ ከ2027 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ አዲስ አወቃቀር እንደሚያስገባም አስታውቋል፤ አሁን የሚጀምር ሰው የሽግግሩን ደንብ አንብቦ ይግባ።

አሁን ወደ ብሩ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው፣ የራሳችሁን አስገቡ። የተጣራ ደመወዝ 15,000 ብር ነው እንበል። የሁለት ዓመት የትምህርት ክፍያ 80,000፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ መሰብሰቢያ፣ ኅትመትና ጉዞ 40,000። ሥራ ለቆ የሚማር ሰው 24 ወር ሲባዛ በ15,000፣ ማለትም 360,000 ብር ደመወዝ ያጣል። ድምሩ 480,000 ይሆናል። ማስተርሱ በወር 4,000 ብር የሚጨምርለት ከሆነ ወጪውን ለመመለስ 120 ወር፣ አሥር ዓመት ይፈጃል። በኤክስቴንሽን የሚማረው ደግሞ በወር 2,000 የትራንስፖርት ተጨማሪ ካወጣ 48,000 ይደመርበታል፤ ጠቅላላው 168,000፣ መመለሻው 42 ወር። አንድ ዓይነት ዲግሪ፣ አንድ ዓይነት ጭማሪ፣ የስድስት ዓመት ተኩል ልዩነት። የቤት ኪራይ የሚከፍል ወይም ቤተሰብ የሚረዳ ሰው ይህን ስሌት በወረቀት ሳይሠራ ሥራ መልቀቅ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ስሌቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ ሁለት ዓመቱ ሦስት ይሆናል። ኮርሱ በጊዜው ያልቃል፣ የሚዘገየው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ሂደቱን በቅርበት እንየው። ፕሮፖዛል ይጻፋል፣ አማካሪ ይመደባል። አማካሪው ሌሎች ብዙ ተማሪዎች አሉት፤ አንድ ምዕራፍ ሰጥታችሁት አስተያየቱ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይጻፍና ወደ ጥናቱ ቦታ ይወሰዳል። መዝገብ ቤት ይገባል፣ ወደ ኃላፊ ይመራል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ወይም «ይህ መረጃ አይወጣም» ይላል። በጤናው መስክ ከዚህ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለ። ከዚያ መጠይቁ ይበተናል፣ ከተበተነው ሁሉም አይመለስም። በየሴሚስተሩ ለመቆየት መመዝገብና መክፈል ይቀጥላል።

መድኃኒቱ ርዕስ ከመምረጥ በፊት መረጃውን መምረጥ ነው። የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት መረጃውን እንደሚሰጣችሁ ኃላፊውን ጠይቃችሁ እሺታውን በጽሑፍ ያዙ፣ ከዚያ ርዕሱን ከመረጃው አንጻር ቅረጹ። ለኢኮኖሚክስ፣ ለግብርናና ለልማት ጥናት ተማሪዎች ሌላም አለ፤ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር ያካሄደው የቤተሰቦች የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት መረጃ በነጻ ከኢንተርኔት ይወርዳል። አንድም መጠይቅ ሳይበተን ጥሩ ጽሑፍ ይሠራበታል። ጊዜ ያጠራቸው ተማሪዎች ጽሑፉን ከፍለው ያሠራሉ፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። ከዲግሪው ሁሉ ለሥራ የሚጠቅመው ክፍል ያ ነበር፤ የውጭ ፈታኙ ሁለተኛው ጥያቄ ላይም ነገሩ ይታወቃል።

የግል ኮሌጅ የምትመርጡ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን ፈቃድ እዩ። ፈቃድ ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለማስተማሪያው ዓይነት ለየብቻ ነው። አንድ ኮሌጅ በዋናው ካምፓስ ለመደበኛ ኤምቢኤ ፈቃድ አለው ማለት በቅርንጫፉ በርቀት የሚሰጠውም ተፈቅዷል ማለት አይደለም። «ማመልከቻው በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ከሰማችሁ ክፍያ አትፈጽሙ። ከውጭ አገር ተቋም በኦንላይን መማር የምትፈልጉም አቻ ግምት ይሰጠው እንደሆነ ከዚያው ባለሥልጣን ጠይቃችሁ ጀምሩ። ተመርቆ መጠየቅ ዘግይቷል።

መግቢያውን በተመለከተ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚመረቁ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ ማለፍ ግድ ስለሆነ፣ ያላለፈ ሰው ዲግሪውም የለውም፤ ስለ ማስተርስ ከማሰብ በፊት እሱን ይጨርስ። ከዚያ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት፣ አለ። የተማራችሁትን መስክ አይጠይቅም፤ ቋንቋ፣ ሒሳብና አመክንዮ ነው። ቁጥር ከነኩ ብዙ ዓመት የሆናቸው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሩቃን የሚወድቁበት የሒሳቡ ክፍል ነው። የ8ኛና የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ ከመቶኛ፣ ከምጣኔና ከሠንጠረዥ ንባብ መጀመር ይበቃል፤ በቀን አንድ ሰዓት፣ ስድስት ሳምንት ያህል።

ውጭ አገር የምታስቡ ደግሞ ብዙዎች የሚስቱትን ልንገራችሁ። በአሜሪካ ለዶክትሬት ለማመልከት ማስተርስ በብዙ የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ትምህርት ክፍሎች ግዴታ አይደለም። በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍያው የተገላቢጦሽ ነው፤ ዶክትሬት ተማሪ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ክፍያው ተሸፍኖለት ወርኃዊ ገንዘብ ያገኛል፣ ማስተርስ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ገንዘብ የሌለው ጎበዝ ተማሪ «መጀመሪያ ማስተርሱን» ብሎ ከኪሱ የሚከፍልበትን በር ያንኳኳል። በነሐሴና በመስከረም አካባቢ ለሚጀምረው ትምህርት የብዙዎቹ የማመልከቻ ጊዜ ገደብ ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። የማመልከቻ ክፍያ ማስነሻ ለጠየቀ ብዙ ቦታ ይሰጣል፣ መጠየቅ አይፈራም።

ጀርመን በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ለቪዛ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው የዓመት ገንዘብ 11,904 ዩሮ ሆኖ ቆይቷል፣ ያለ ስኮላርሺፕ የሚያስቀረው እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ፣ ኢራስመስ ሙንዱስ፣ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። የብሪታንያው ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከተማሩ በኋላም ሁለት ዓመት አገር ቤት መቆየት ግዴታ ነው። አዲስ ምሩቅ ስለዚህ ለቺቭኒንግ ከመቸኮል ሥራ መያዝ አለበት።

ውጭ ለሚያመለክት ሰው ጊዜ የሚበላው ፈተናው አይደለም፤ አይልትስም ቶፍልም አዲስ አበባ ይሰጣሉ፣ ውጤታቸው ሁለት ዓመት ያገለግላል። የሚበላው ኮስት ሼሪንግ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራቱን ሳይከፍል ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላክም ይቸግረዋል። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው የመግቢያ ደብዳቤው ሲመጣ ነው። ዛሬ የሥራ መልቀቂያ የማታስቡ ብትሆኑም ቀጣሪያችሁ ከደመወዝ እየቆረጠ ለገቢዎች እያስገባ መሆኑን በስማችሁ በወጣ ደረሰኝ አረጋግጡ። ቆርጦ ያላስገባ መሥሪያ ቤት ካጋጠማችሁ ዕዳው በእናንተ ስም እንዳለ ይቆያል። ቀሪውን በአንድ ጊዜ ከፍሎ ክሊራንስ መያዝ ይቻላል፤ ክሊራንሱን ይዛችሁ ሪጅስትራር ሄዳችሁ ትራንስክሪፕቱን በታሸገ ፖስታ ሦስት አራት ቅጂ አስወጡ፤ አንዱን ለራሳችሁ አስቀሩ፣ ፖስታዎቹን አትክፈቱ።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ደግሞ ከመመረቃችሁ በፊት አናግሩ። መምህር ዩኒቨርሲቲ ይቀይራል፣ ለትምህርት ይሄዳል፣ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይሉ ይዘጋል። የግል ኢሜይላቸውን ያዙ፤ ስትጠይቋቸውም የሠራችሁትን ፕሮጀክት ርዕስ፣ በኮርሳቸው ያገኛችሁትን ውጤትና የምታመለክቱበትን ፕሮግራም የጊዜ ገደብ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩላቸው። ከስድስት ሳምንት በፊት ብትጠይቁ መልካም ነው። አንዳንዱ መምህር «አንተው ጻፈውና እፈርማለሁ» ይላል፤ በአክብሮት ያንኑ አንድ ገጽ ስጡትና ራሱ እንዲጽፈው ለምኑት፣ ምክንያቱም ሦስቱ ደብዳቤዎች በአንድ ሰው አጻጻፍ ሲመጡ መራጮቹ ይለዩታል።